የሰርቨር መከታተያን በአውቶማቲክ መትከል፦ ለደብረ ብርሃንና ለቅርንጫፎቿ የቱ ይሻላል?

«ሲስተም የለም።» ይህን ያልሰማ ባለጉዳይ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አይገኝም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ትናገራለች። ወረፋ የያዙት እናት «መቼ ይመጣል ታዲያ፣ ልጄ?» ይላሉ። እሷም አታውቅም። የአይቲው ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚሰማው ከእናትየው በኋላ ነው። የሰርቨር መከታተያ የሚተከለው ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው።

መከታተያ መትከል በራሱ ከባድ አይደለም። የሚያሰለቸው በየሰርቨሩ እየገቡ ያንኑ ነገር መደጋገሙ ነው። ስድስተኛው ላይ ሲደረስ አንድ መስመር ይረሳል። ስምንተኛው ላይ ፋየርዎሉ (የኔትወርክ መግቢያውን የሚዘጋው) ሳይከፈት ይቀራል። ዓመት ሲሞላው የትኛው ላይ ምን እንደተጫነ የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ድግግሞሹን ለማሽን መስጠት ነው የሚያዋጣው። ጥያቄው በየትኛው መሣሪያ የሚለው ነው።

የማወዳድረው ለአንድ ዓይነት ቤት ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ደብረ ብርሃን ነው። ሸዋ ሮቢት፣ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ላይ ቅርንጫፍ አለ። ሰርቨሮቹ ከአምስት እስከ ሠላሳ ይደርሳሉ። የአይቲ ክፍሉ አንድ ሰው ነው፤ ቢበዛ ሁለት። ማይክሮፋይናንስ፣ ኮሌጅ፣ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ሺህ ሰርቨር ያላችሁ ሰዎች ይህን ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ንጽጽሮች አብዛኞቹ የተጻፉት መብራት ለማይጠፋበትና መስመር ለማይቆረጥበት ቤት ነው። ስለ ፍጥነትና ስለ ዳሽቦርድ ውበት ይከራከራሉ። እኛ ጋ የሚቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ በማዕከሉና በቅርንጫፉ መካከል ያለው መስመር ሲቆረጥ ማን ማንን ይጠብቃል? መስመሩ ሲመለስስ የጎደለውን የሚሞላው ማነው? ይህን ከመለሳችሁ ምርጫው ከግማሽ በላይ አልቋል።

ጠባቂና ጫኚ

«አንሲብል ይሻላል ወይስ ዛቢክስ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይመጣል። ሁለቱ ግን ተፎካካሪ አይደሉም። ዛቢክስ፣ ፕሮሜቴየስና ናጊዮስ ጠባቂዎች ናቸው። ሰርቨሩን ያያሉ፣ ሲታመም ይጮኻሉ። አንሲብል፣ ፐፔት፣ ሶልትና ተራው የባሽ ስክሪፕት ጫኚዎች ናቸው። ጠባቂውን በየቦታው ይተክላሉ፣ ያስተካክላሉ። የምትመርጡት ከየወገኑ አንድ አንድ ነው።

ጫኚው የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከሚመስለው ይሰፋል። ኤጀንቱን፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ሁኔታውን ለጠባቂው የሚናገረውን ትንሽ ፕሮግራም፣ መጫን አለ። ኮንፊግ ፋይሉን (የፕሮግራሙን ቅንብር የያዘውን) መጻፍ አለ። ፋየርዎሉን መክፈት አለ። አራተኛው ማዕከሉ አዲሱን ሰርቨር እንዲያውቀው ማድረግ ነው። ሰው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አውቶማቲክ አድርጎ አራተኛውን በእጁ ይተወዋል። ከዚያ አዲስ ሰርቨር ይገዛል፣ ኤጀንቱ ይጫናል፣ ማዕከሉ ላይ ግን ማንም አይመዘግበውም። ኤጀንቱ እየሠራ ሰርቨሩ ሳይታይ ይኖራል። መሣሪያ ስትመርጡ በጣም የምትመረምሩት ይህን አራተኛውን ይሁን።

ፕሮሜቴየስ ወይስ ዛቢክስ

ፕሮሜቴየስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሳውንድክላውድ የሚባለው የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ነው። በ2016 የክላውድ ፕሮግራሞችን ከሚያስተዳድረው ከኩበርኔቲስ ቀጥሎ የክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ሁለተኛ ፕሮጀክት ሆነ። አመጣጡ ባሕርዩን ይናገራል። የተሠራው ሰርቨሮች በየደቂቃው ለሚወለዱበትና ለሚሞቱበት፣ ሁሉም በአንድ ፈጣን ኔትወርክ ላይ ላሉበት ግቢ ነው። ስለዚህ ማዕከሉ ራሱ እየዞረ ይጠይቃል። በየሰርቨሩ ኖድ ኤክስፖርተር የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ፖርት 9100 ላይ (ፖርት የኔትወርክ በር ቁጥር ነው) ትቀመጣለች። ማዕከሉ በየተወሰነ ሴኮንዱ መጥቶ ቁጥሩን ወስዶ ይሄዳል።

ኤክስፖርተሯ ትናንትን አታስታውስም። ሲጠይቋት የአሁኑን ትናገራለች፣ በቃ። ስለዚህ የሸዋ ሮቢት መስመር ለአራት ሰዓት ከተቆረጠ የአራት ሰዓቱ መረጃ የትም የለም። ማዕከሉ «አልመለሰችልኝም» ብሎ ይመዘግባል፣ ግራፉ ላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ሰርቨሩ በነዚያ አራት ሰዓታት ሃርድ ዲስኩ ሞልቶ ይሁን ሞቆ ይሁን አታውቁም።

መፍትሔ አለው። ቅርንጫፉ ላይ ሌላ ትንሽ ፕሮሜቴየስ ተክሎ ወደ ማዕከሉ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ግን የፕሮጀክቱ ሰነድ ራሱ እንደሚያስጠነቅቀው፣ ተቀባዩ ከሁለት ሰዓት በላይ ካልተገኘ ያልተላከው መረጃ ይጠፋል። ሁለት ሰዓት ለለንደን ብዙ ነው። ለመሐል ሜዳ ግን እኔ አልተማመንበትም።

ዛቢክስ ከላትቪያ ነው የመጣው፣ ለሕዝብ የተለቀቀውም እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ያኔ ክላውድ የሚባል ወሬ አልነበረም። የተሠራው ሰርቨር፣ ስዊች፣ ራውተርና ፕሪንተር ላለበት ቢሮ ነው። ይህም እኛን ይመስላል። ኤጀንቱ በሁለት መንገድ ይሠራል። ማዕከሉ መጥቶ ይጠይቀዋል፣ ወይም ራሱ ወደ ማዕከሉ ይልካል። የሁለተኛው ጥቅም ቅርንጫፉ ቋሚ አይፒ አድራሻ ባይኖረውም መሥራቱ ነው። ልጁ ወደ ቤት ይደውላል እንጂ ከቤት አይደወልለትም።

ዋናው ነገር ግን ፕሮክሲው ነው። ቅርንጫፉ ላይ አንድ ትንሽ ማሽን ላይ የዛቢክስ ፕሮክሲ ይቀመጣል። የአካባቢውን ሰርቨሮች እየጠየቀ ይሰበስባል፣ ወደ ደብረ ብርሃን ይልካል። መስመር ሲቆረጥ እያጠራቀመ ይጠብቃል። ሲመለስ ያጠራቀመውን ይልካል፣ ግራፉ ይሞላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያየው አንድ ቁጥር አለ። ፕሮክሲው ከማዕከሉ ጋር ሲቆራረጥ መረጃ የሚያቆየው፣ ካልነካችሁት፣ ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። ኮንፊግ ፋይሉ ላይ እስከ 720 ሰዓት፣ ማለትም እስከ 30 ቀን መውሰድ ይቻላል። ዛቢክስን ለቅርንጫፍ የመረጠ ሰው ይህን ቁጥር ካልቀየረ የመረጠበትን ምክንያት ጥሎታል። ለኛ አካባቢ 72 ጥሩ መነሻ ነው።

ሁለተኛው የዛቢክስ ብልጫ ማንቂያው ነው። ፕሮሜቴየስ በአለርት ማኔጀር በኩል ኢሜይል፣ ቴሌግራምና ሌሎችንም ይልካል። ሁሉም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ኢንተርኔት ጠፋ የሚለውን ዜና በኢንተርኔት መላክ አይቻልም። ዛቢክስ ግን ሲም ካርድ የገባበት የጂኤስኤም ሞደም ሰርቨሩ ላይ ተሰክቶ በቀጥታ የስልክ መልእክት እንዲልክ አድርጎ ነው የተሠራው። የቢሮው መስመር ተቆርጦም የአይቲው ልጅ ኪስ ውስጥ ያለችው ስልክ ትጮኻለች።

ሦስተኛው ምዝገባ ነው፤ ቅድም ያልኩት አራተኛው ሥራ። ዛቢክስ ውስጥ አዲስ ኤጀንት ራሱን እንዲያስመዘግብ ማድረግ ይቻላል። ኤጀንቱ ኮንፊግ ላይ «ሸዋሮቢት ሊኑክስ» የሚል ምልክት ይጻፋል። ማዕከሉ ምልክቱን አይቶ በራሱ ከሸዋ ሮቢት ቡድን ይጨምረዋል፣ የሊኑክስ ቴምፕሌት፣ ማለትም ምን ምን እንደሚለካ የተዘጋጀ ዝርዝር፣ ያያይዝለታል። ሰው አይነካውም። ግን ያለ ሚስጥር ቁልፍ አትክፈቱት። ቁልፍ ካላደረጋችሁበት ማንኛውም ማሽን መጥቶ «እኔም የእናንተ ነኝ» ማለት ይችላል። ፕሮሜቴየስም ቀላል መንገድ አለው። የሰርቨሮቹ ዝርዝር ያለበት ፋይል ሲቀየር ፕሮግራሙ ሳይነሣና ሳይወድቅ በራሱ ያነበዋል። ጫኚው ያን ፋይል ከጻፈለት ሥራው አለቀ። እዚህ ላይ ሁለቱም ያልፋሉ።

ታዲያ ፕሮሜቴየስ የሚያሸንፈው የት ነው? ሁሉም ሰርቨር ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ። ያኔ በመካከል የሚቆረጥ መስመር የለም፣ ኔትወርኩ የራሳችሁ ስዊች ነው። ሲጫን ቀላል ነው። አንድ ፕሮግራም ነው፣ መረጃውን ራሱ ያስቀምጣል። ዛቢክስ ግን ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይፈልጋል፣ እሱም ባክአፕ ይፈልጋል፣ አድጎ ሲከብድ ማጽዳት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ግራፍ መሳያውን ግራፋናን ስትጨምሩበት የፕሮሜቴየስ ግራፍ ለዓይን የተሻለ ነው።

ቦታም ብዙ አይወስድም። 20 ሰርቨር አለ፣ እያንዳንዱ 1,000 መለኪያ ይሰጣል፣ በየ15 ሴኮንዱ ይጠየቃል እንበል። በቀን ወደ 115 ሚሊዮን ቁጥር ይሆናል። ፕሮሜቴየስ አንዱን ቁጥር በአማካይ ከ1 እስከ 2 ባይት ነው የሚያስቀምጠው። በቀን ከ115 እስከ 230 ሜጋባይት መሆኑ ነው። ካልተቀየረ ለ15 ቀን ነው የሚያቆየው፣ ስለዚህ ከ4 ጊጋባይት አያልፍም። አሮጌ ዴስክቶፕ ይበቃዋል። ለዓመት ማቆየት ብትፈልጉ እንኳ ከ100 ጊጋባይት በታች ነው።

ናጊዮስን አልረሳሁትም። እ.ኤ.አ. በ1999 ኔትሴንት በሚል ስም ወጥቶ ለብዙዎቻችን መንገድ የከፈተ ነው። ካላችሁና እየሠራ ከሆነ አትንኩት። ዛሬ ከዜሮ ለሚጀምር ግን አልመክረውም፤ አዲስ ሰርቨር ማስመዝገብ ፋይል በፋይል መጻፍ ነው። ዳታዶግን የመሰሉት ጠባቂዎች በሰርቨር ብዛት በወር በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው። ዶላሩን ከየት እንደምታመጡ ካወቃችሁ እናንተ ከኔ የተሻለ መንገድ አላችሁ።

ጫኚው፦ ከባሽ እስከ ፐፔት

የባሽ ስክሪፕት ሁሉም የሚጀምርበት ነው። አንድ ፋይል ነው፣ ይሮጣል፣ ይጭናል። ችግሩ ሁለተኛ ሲሮጥ ነው። ኮንፊግ ላይ አንድ መስመር የሚጨምር ስክሪፕት ሁለቴ ከሮጠ መስመሩ ሁለት ይሆናል። ግማሽ ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከየት እንደሚቀጥል አያውቅም። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ መጻፍ ይቻላል፤ ግን ሲጨርሱ የራሳችሁን ግማሽ አንሲብል ጽፋችኋል። ለሁለትና ለሦስት ሰርቨር ባሽ ይበቃል። ከዚያ በላይ ራስን መቅጣት ነው።

አንሲብል እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ፣ በ2015 ሬድ ሃት ገዛው። ሰርቨሩ ላይ ምንም ኤጀንት አይፈልግም። ኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው) እና ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) ካለ ይበቃዋል፤ ሁለቱም ኡቡንቱ ላይ ብዙውን ጊዜ አሉ። የሚጻፈው ፕሌይቡክ የሚባል የጽሑፍ ፋይል ነው። «ይህን አድርግ» ሳይሆን «ነገሩ እንዲህ ሆኖ ይገኝ» ይላል። ስለዚህ አሥር ጊዜ ቢሮጥ ውጤቱ ያው ነው። ከመሮጡ በፊት ምን እንደሚቀይር ብቻ እንዲያሳያችሁ ማድረግም ይቻላል። ባንክ ነክ ሥራ ላይ ላለ ሰው ይህ ብቻውን ያስመርጠዋል። ፓስወርዶቹንም በቮልት ቆልፎ ያስቀምጣል፤ በየፋይሉ ተጽፈው አይዞሩም።

ድክመቱ ከዋናው ጥያቄያችን ጋር ይያያዛል። አንሲብል ከማዕከል ይገፋል። በሮጠበት ሰዓት ዓለም ከተማ መስመር ከሌለው «አልደረስኩም» ብሎ ያልፈዋል። መስመሩ ሲመለስ ራሱ ተመልሶ አይሄድም፤ ሰው እንደገና ማስሮጥ አለበት። ሁለት ማምለጫ አለ። አንዱ ማዕከሉ ላይ ፕሌይቡኩን በየሌሊቱ በራሱ እንዲሮጥ ማድረግ ነው። ሌላው አገላብጦ ቅርንጫፉ ራሱ መጥቶ ፕሌይቡኩን ከጊት፣ ከፋይል ማስቀመጫው፣ እንዲወስድ ማድረግ ነው፤ አንሲብል ለዚህ የራሱ ትእዛዝ አለው። ለጥቂት ቅርንጫፍ የመጀመሪያው በቂ ነው።

ፐፔትና ሶልት በየሰርቨሩ ኤጀንት ያስቀምጣሉ። የፐፔት ኤጀንት፣ ካልተቀየረ፣ በየ30 ደቂቃው ወደ ማዕከል ሄዶ «ምን ልሁን?» ይላል። መስመር ቢቆረጥ ግድ የለውም፣ በሚቀጥለው 30 ደቂቃ ይሞክራል። በሐሳብ ደረጃ ለኛ አገር ኔትወርክ ከአንሲብል ይልቅ የሚስማማው ይህ ነው። እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። ግን ማዕከሉ ራሱን የቻለ ሰርቨር ይፈልጋል፣ የየኤጀንቱ ሰርተፍኬት መፈረም አለበት፣ ቋንቋውም የራሱ ነው። አሥራ አምስት ሰርቨር ለመጠበቅ አሥራ ስድስተኛ መጨመር ነው። የኮምፒውተር ላብ ብዙ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። እዚያ ማሽኖቹ በመቶ ይቆጠራሉ፣ በየጊዜው ይጠፋሉ ይበራሉ፣ ራሱ የሚመጣ ኤጀንት ዋጋ አለው።

ለአንሲብል የማደላበት ትልቁ ምክንያት ግን ቴክኒካል አይደለም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጎበዝ የአይቲ ልጅ ሁለት ዓመት ሠርቶ የተሻለ ደመወዝ ሲያገኝ ይሄዳል፤ መብቱ ነው። የሚተካው ልጅ የመጀመሪያ ሳምንቱ ላይ ፋይሉን ከፍቶ ምን እንደሚሠራ መረዳት አለበት። የአንሲብል ፕሌይቡክ ከላይ ወደ ታች ይነበባል። ግን ፕሌይቡኩ የሄደው ልጅ ላፕቶፕ ላይ ከነበረ ምርጫው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቢሮው ውስጥ ባለ የጊት ሰርቨር ላይ ይቀመጥ፣ ለምሳሌ ጊቲያ ላይ። የቮልቱ ፓስወርድም በታሸገ ፖስታ ሥራ አስኪያጁ ካዝና ውስጥ ይግባ።

ዶከርን፣ ፕሮግራምን ለብቻው ሳጥን ውስጥ አድርጎ የሚያስሮጠውን፣ በተመለከተ አጭር ነው። ማዕከሉን፣ ማለትም ፕሮሜቴየስን፣ ግራፋናን ወይም የዛቢክስ ሰርቨርን፣ በዶከር ኮምፖዝ ማቆም ጥሩ ነው። ኖድ ኤክስፖርተርን ግን በዶከር አታድርጉት፣ ሠሪዎቹም አይመክሩም። ሳጥን ውስጥ ሆኖ የሚያየው ሳጥኑን ነው፤ ውጪውን እንዲያይ ብዙ በር መክፈት ያስፈልጋል። ቴራፎርም ደግሞ ክላውድ ላይ ማሽን ለሚወልዱ ነው። የእናንተ ሰርቨር ካቢኔት ውስጥ ያለ ብረት ነው፤ ተውት።

አንድ ፕሌይቡክ በቅርበት

ምርጫው ዛቢክስና አንሲብል ሆነ እንበል። ፕሌይቡኩ ለሸዋ ሮቢት ሲሮጥ የሚሠራው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሆን ጥሩ ነው።

መጀመሪያ ሰዓት። የሰዓት ዞኑን ወደ አዲስ አበባ ያደርጋል፣ ሰዓት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ይጭናል። ይህን ሰው እንደ ቀላል ያልፈዋል። መብራት እየጠፋ የሚበራ አሮጌ ሰርቨር የማዘርቦርድ ባትሪው ካለቀ ሰዓቱ ይዛባል። ሰዓቱ የተዛባ ሰርቨር የሚልከው መረጃ ግራፉ ላይ ቦታ ያጣል። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ ሲጫኑ በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው የሚቆሙት፤ ከኛ 3 ሰዓት ወደኋላ። በዚያ ላይ የኛ አቆጣጠር አለ። «ባክአፕ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ሲባል ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሣው ክሮን ላይ 8 የተጻፈበት ሰርቨር የሚያስበው የፈረንጁን 8 ነው። ዞኑም ካልተስተካከለ ባክአፑ የሚነሣው ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ወረፋው በር በደረሰበት። ከዚያ «ሲስተሙ ዛሬ ምን ነካው?» ይባላል።

ቀጥሎ ፓኬጁ። የቅርንጫፉ ሰርቨሮች ሁሉ እየራሳቸው ከኢንተርኔት እንዲያወርዱ አታድርጉ። ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጊዜ ይወርዳል፣ ከዚያ ይከፋፈላል። ኡቡንቱ ከሆነ አፕት ካሸር የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ፖርት 3142 ላይ ተቀምጦ ይህን ይሠራል። ቀጭን መስመር ላይ በደቂቃና በግማሽ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። አንሲብል በአንድ ጊዜ የሚነካው፣ ካልቀየራችሁት፣ አምስት ሰርቨር ነው። መስመሩ ደካማ በሆነበት ወደ አንድ ወይም ሁለት አውርዱት።

ከዚያ ኮንፊጉ፣ የምዝገባ ምልክቱና ቁልፉ። ቀጥሎ ፋየርዎሉ፦ የኤጀንቱ ፖርት 10050 ለፕሮክሲው ብቻ ይከፈታል፣ ለሌላ ለማንም። የማዕከሉ ፖርት 10051 ነው። ፕሮሜቴየስን የመረጠ ሰው እዚህ ላይ የበለጠ ይጠንቀቅ። ኖድ ኤክስፖርተር እንዳለ ከተተወ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ 9100 ላይ የመጣ ሁሉ ያነበዋል። ዛቢክስ ሲጫን አድሚን የሚባል ተጠቃሚ ይፈጥራል፣ ፓስወርዱም የፕሮግራሙ ስም ራሱ ነው፤ ግራፋናም ቢሆን ስምና ፓስወርዱ አንድ ነው። ፕሌይቡኩ እነዚህን ሳይቀይር «ጨርሻለሁ» ማለት የለበትም።

መጨረሻ ላይ ገደቦቹ ናቸው። እዚህ ላይ ሰሜን ሸዋ የራሱ ጠባይ አለው።

ብርዱ ያታልላል

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ከጣርማ በር ወዲያ ቆላ ወርዳ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አንድ የሙቀት ገደብ ለሁለቱም ማድረግ አይሠራም። ሁሉም ሰው የሚያስበው ሸዋ ሮቢት ይሞቃል፣ ደብረ ብርሃን መስኮት መክፈት ይበቃል ብሎ ነው። ግማሹ እውነት ነው።

ሌላው ግማሽ አየሩ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ የሳሳ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከሚፈቅዱት የክፍል ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳሉ። 35 ዲግሪ ድረስ ይሠራል የተባለ ሰርቨር ደብረ ብርሃን ላይ ሲደርስ ገደቡ 29 አካባቢ ይሆናል። ሸዋ ሮቢት ላይ 34 ገደማ። ብርዳማው ከተማ ነው የጠበቀ ገደብ የሚያስፈልገው! ክፍሉ ተዘግቶ፣ ዩፒኤሱና ሰርቨሩ እየሞቁ፣ እኩለ ቀን ላይ 29 መድረስ ሩቅ አይደለም።

ይህን በእጅ ለየሰርቨሩ መጻፍ ያደክማል። አንሲብል ውስጥ ለየከተማው ቡድን አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ በቃ። ዛቢክስ ውስጥ ማክሮ በሚባለው በኩል ተመሳሳዩ ይደረጋል።

መብራት ሲመጣ

መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመጣ ነው ስልኩ የሚያብደው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ጠባቂው ከስዊቹ ቀድሞ ይነሣና ማንንም አያይም። ሃያ ሰርቨር ሞቷል ብሎ ሃያ መልእክት ይልካል። ሦስቴ እንዲህ ካደረገ ሰው ማንበብ ያቆማል፤ አራተኛው እውነተኛ ሲሆን ማንም አያየውም።

ሁለቱም ጠባቂዎች መድኃኒት አላቸው። ፕሮሜቴየስ ውስጥ ማንቂያው ከመጮሁ በፊት ለምሳሌ 5 ደቂቃ እንዲታገሥ ይደረጋል፤ አለርት ማኔጀር ደግሞ ተመሳሳዮቹን በአንድ መልእክት ይጠቀልላል። ዛቢክስ ውስጥ ጥገኝነት አለ፦ የቅርንጫፉ ራውተር ከሞተ ከኋላው ስላሉት ሰርቨሮች ዝም በል ይባላል። የኋለኛው ለኛ ይበልጣል። ሃያ መልእክት ይቀርና «የሸዋ ሮቢት ራውተር አይመልስም» የሚል አንድ ይመጣል። ይህም ፕሌይቡኩ ውስጥ ይግባ።

ዩፒኤሱንም አትርሱ። ነት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙ ዓይነት ዩፒኤስ ያነባል፤ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ለጠባቂው ይናገራል። መብራት ከመጥፋቱ ይልቅ ባትሪው ሊያልቅ መሆኑ ነው የሚያስነሣ ዜና። አንድ ነገር ግን አውቶማቲክ አይሆንም፦ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ በራሱ እንዲበራ የሚያደርገው ማስተካከያ አብዛኛው ማሽን ላይ ባዮስ ውስጥ ነው። በእግር ሄዶ አንድ በአንድ መክፈት ነው።

ጠባቂው ራሱ ሲሞትስ? ከሚጠብቃቸው ሰርቨሮች ጋር በአንድ ክፍል፣ በአንድ መብራት ላይ ነው ያለው። አብሯቸው ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ከግቢው ውጪ አንዲት ትንሽ ተመልካች ታስፈልጋለች። አፕታይም ኩማ ለዚህ ትሆናለች። በዶከር በደቂቃዎች ትቆማለች፣ ፖርት 3001 ላይ ትከፈታለች፣ ሥራዋ ማዕከሉ መልስ መስጠቱን ማየት ብቻ ነው። አንድ ሰርቨር ብቻ ላላቸው ክሊኒኮችና ትምህርት ቤቶች ደግሞ እሷ ብቻዋን ትበቃለች፤ ከላይ ያለውን ሁሉ መዝለል ይችላሉ።

እንግዲህ የቱ ለማን

ሁሉም ሰርቨር አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ፦ ፕሮሜቴየስ፣ ግራፋናና አንሲብል። ቅርንጫፍ ካለ፣ አንድም ቢሆን፦ ዛቢክስ ከነፕሮክሲው፣ ከአንሲብል ጋር። ቅርንጫፍ ባይኖርም ስዊች፣ ራውተርና ዩፒኤስ በብዛት የምትከታተሉ ከሆነ አሁንም ዛቢክስ፤ ለነዚህ የሚሆኑ ቴምፕሌቶች ተዘጋጅተው ይመጣሉ። አብዛኛው ማሽናችሁ ዊንዶውስ ከሆነና ዶሜይን ካላችሁ የዛቢክስን ኤጀንት በግሩፕ ፖሊሲ ማሰራጨት ከአንሲብል ይቀላል። አንሲብል ዊንዶውስን መምራት ይችላል፣ ግን ራሱ የሚቀመጠው ሊኑክስ ላይ ነው፤ የግንኙነቱ ዝግጅትም ያደክማል። ላብ የሚያስተዳድሩ ፐፔትን ይሞክሩ።

ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ሙከራ አድርጉ። ለሙከራ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ትከሉ። በሥራ ቀን ሳይሆን እሑድ ከሰዓት፣ ለቅርንጫፉ ሰው ደውላችሁ «የራውተሩን ኬብል ንቀልልኝ፣ ከሦስት ሰዓት በኋላ መልሰህ ሰካው» በሉት። ሦስት ነገር እዩ፦ ስልካችሁ ላይ ስንት መልእክት እንደመጣ፣ መልእክቱ በስንት ደቂቃ እንደደረሰ፣ ኬብሉ ሲመለስ ግራፉ ላይ ያለው ክፍተት መሙላቱን። ፕሮሜቴየስ ላይ ክፍተቱ ይቀራል፤ ይህን መቀበል ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ። ዛቢክስ ላይ የመጨረሻው አንድ ሰዓት ብቻ ተሞልቶ የቀረው ባዶ ከሆነ፣ ያ የፕሮክሲው ቁጥር 1 ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ በእጅ አታርሙት። ፕሌይቡኩ ላይ አርማችሁ እንደገና አስሮጡት።